ለኢንቨስተር የሚላክ ቪዲዮ፦ ምን ይግባበት፣ ምንስ ይቅር?

ሁለት_ለስምንት፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሳነብ እንጂ ስጽፍ አልታይም። ዛሬ ግን ጉዳዩ አጣድፎኛል።

ሦስት ሆነን የምንሠራው ነገር አለ። ክትባትና መድኃኒት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መሣሪያ ናት። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ሙቀቱ ከዚያ ሲወጣ መሣሪያዋ ለኃላፊው ስልክ ማስጠንቀቂያ ትልካለች። ትሠራለች፤ በሙከራ ላይ ያሉ ጥቂት ደንበኞችም አሉን።

አሁን የመጀመሪያውን ገንዘብ ልናሰባስብ ነው። ያነጋገርናቸው ኢንቨስተሮች "አጭር ቪዲዮ ላኩልን" ይላሉ። አንዱ ባልደረባዬ በፕሮዳክሽን ቤት እናሠራው ባይ ነው፤ አኒሜሽን፣ ሙዚቃ፣ ከላይ የሚቀርጽ ድሮን፣ ምኑ ቅጡ። ሌላው ደግሞ ፒች ዴካችን (ድርጅቱን ለኢንቨስተር በገጽ በገጽ የሚያስተዋውቀው ሰነድ) ይበቃል፣ ቪዲዮ ጌጥ ነው ይላል። እኔ መሃል ቆሜ ቀርቻለሁ። ቪዲዮ ልኮ ገንዘብ ያገኘ፣ ወይም ቪዲዮ አይቶ ገንዘብ የሰጠ ሰው ካለ ይምከረን። ስንት ደቂቃ ይሁን? ማን ይናገር? ምን ይታይ?

ካሜራ_ተሸካሚ፦

ወንድሜ፣ እኔ መተዳደሪያዬ ቪዲዮ መሥራት ነው። ፕሮዳክሽን ቤት ቅጠሩ ብልህ ለእኔ ቢጤ ይጠቅማል። ግን አትቅጠሩ፤ ቢያንስ ለዚህኛው።

መጀመሪያ "ቪዲዮ" ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ። ለአክሰለሬተር (ጀማሪ ድርጅቶችን በገንዘብና በምክር ለሚደግፍ ተቋም) ማመልከቻ የሚላክ አለ፤ እሱ መሥራቾቹን ለማየት ነው። የምርት ዴሞ አለ፤ ዕቃው ሲሠራ ለማየት ነው። ለማያውቃችሁ ኢንቨስተር ከኢሜይል ጋር የሚሄድ አለ። የክራውድፈንዲንግ (ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት የማሰባሰብ) ቪዲዮም አለ፤ እሱ ግን ማስታወቂያ ነው፣ ተመልካቹም ገዢ ነው። ሰው የሚሳተው የመጨረሻውን አይቶ ለሌሎቹ ሲቀዳ ነው። ፔብል የተባለው ዘመናዊ የእጅ ሰዓት በ2012 (እንደ ፈረንጆቹ) ኪክስታርተር በተባለው የክራውድፈንዲንግ ድረ ገጽ ላይ 100,000 ዶላር ጠይቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ያንን ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ድርሻ አልገዙም፤ ሰዓት ነው ያዘዙት። "ይህን ልግዛ?" ብሎ የሚያይ ሰው እና "ይህ ድርጅት የት ይደርሳል?" ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ቪዲዮ አይፈልጉም።

ለኢንቨስተር ድሮን ምን ያደርግለታል? ማቀዝቀዣው ያለው ቤት ውስጥ ነው።

ሒሳብ_ይናገር፦

እኔ "ዴኩ ይበቃል" ካለው ባልደረባችሁ ጋር ነኝ።

ዶክሴንድ የተባለው የሰነድ መላኪያ ድርጅት በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ኢንቨስተሮች አንድን ፒች ዴክ በአማካይ ያዩት ለ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነበር። ያችንም እየዘለሉ ነው። የሚያውቁትን ያልፉታል፤ ፋይናንሱና ቡድኑ ላይ ቆም ይላሉ። ቪዲዮ ይህን ነፃነት ይነፍጋቸዋል። አንተ በመረጥከው ፍጥነት እንዲሄዱ ታስገድዳቸዋለህ። አንድ ቁጥር ፈልጎ ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲል ይሰለቸውና ይዘጋዋል።

የድሮ_መሥራች፦

ሒሳብ_ይናገር፣ ያልከው ልክ ነው፤ ድምዳሜህ ግን አልተዋጠልኝም። ቁጥር በቪዲዮ አይነገር ማለት ቪዲዮ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ወረቀት ማሳየት የማይችለው ሁለት ነገር አለ፤ ሰዎቹን እና ዕቃው ሲሠራ። ቪዲዮው እነዚህን ሁለቱን ይያዝ። ሌላው ሁሉ፣ ገበያው፣ ተፎካካሪው፣ ትንበያው፣ ለዴኩ ይተው። እኔ ከዚህ ሌላ ሕግ የለኝም።

ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ አክሰለሬተር ለማመልከቻ የሚጠይቀውን የመሥራቾች ቪዲዮ ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ ነው። መሥራቾቹ ሁሉ ይታዩ፣ የተጻፈ አታንብቡ፣ ሙዚቃና ጌጥ አትጨምሩ ይላል። ዕቃውን የሚያሳየው ዴሞ ለብቻው ነው የሚላከው። ልብ በሉ፤ ይህን ያህል የሠለጠነ ዓይን ያለው ተቋም የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ለዴሞ ደግሞ የድሮፕቦክስ ታሪክ አለ። መሥራቹ ድሩ ሂውስተን ስክሪኑን ቀርጾ፣ በራሱ ድምፅ እያስረዳ፣ ፋይል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲገባ አሳየ። በ2008 አንዱን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ከለቀቀ በኋላ የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 ዘለለ። "ፋይል የሚያመሳስል ሶፍትዌር" ብሎ በወረቀት ቢጽፈው ኖሮ ሰው "እንዲህ ያለ ሞልቷል" ብሎ ያልፈው ነበር። ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነው።

ሁለት_ለስምንት፦

ካሜራ_ተሸካሚ፣ እህት ነኝ :) ችግር የለም።

የድሮ_መሥራች፣ "ሰዎቹ እና ዕቃው" ያልከውን ወድጄዋለሁ። ግን ዕቃው ላይ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ስልኩ ወዲያው አይጮህም። አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። አንዱ ባልደረባዬ "በኤዲት እንቁረጠው፤ በሩ ተከፈተ፣ ስልኩ ጮኸ፣ አለቀ" ይላል። ካልሆነም መልእክቱን እኛው ከላፕቶፕ በእጅ እንላከው አለ። ይሄኛው ለእኔም አልተመቸኝም። መቁረጡ ግን ምን ነውር አለው? ፊልም ሁሉ ይቆረጥ የለ?

ነገር_በልክ፦

ከላፕቶፕ በእጅ መላክ? እንዳታደርጉት! ስለ ጨዋነት እየሰበክሁ አይደለም፤ የሚያስከትለውን ስለማውቅ ነው።

ሊሊ የሚባል የሚበር ካሜራ ነበር። በ2015 ቪዲዮው ወጣ። ባለቤቱ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ካሜራው በራሱ እየተከተለ ይቀርጸዋል። እንዴት ያምራል! ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ቅድመ ትዕዛዝ ጎረፈለት። በ2017 መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ዕቃውን ለደንበኞቹ ሳያደርስ ተዘጋ። የሳን ፍራንሲስኮ ዐቃቤ ሕግም ክስ መሠረተ። የክሱ ነጥብ ምን መሰላችሁ? ቪዲዮው ላይ በሊሊ የተቀረጹ ተብለው የቀረቡት ምስሎች በሌላ ድርጅት ድሮን የተቀረጹ ናቸው የሚል ነበር።

ሁለተኛውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ኒኮላ የተባለው የከባድ መኪና ድርጅት በ2018 መኪናው መንገድ ላይ ሲፈስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። በ2020 ሂንደንበርግ ሪሰርች የተባለው የምርመራ ድርጅት ጉዱን አወጣው። መኪናው ቁልቁለት ላይ ተለቆ ነው የተንከባለለው። ድርጅቱ ሲጠየቅ "በራሱ ኃይል ነው የሚሄደው ብለን አልተናገርንም" ዓይነት መልስ ሰጠ። እውነት ነው፣ በቃል አላሉም። ምስሉ ብሎላቸዋል! መሥራቹ ትሬቨር ሚልተን ኢንቨስተሮችን በማሳሳት በ2022 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2023 አራት ዓመት ተፈረደበት። በ2025 የፕሬዚዳንት ይቅርታ አግኝቷል፤ ያ ግን ሌላ ወሬ ነው። ይቅርታው የኒኮላን ስም መልሶ አላነሣውም።

መቁረጥና ማታለል አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ተመልካቹ መቆረጡን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለው ነው። በሩ ተከፈተ፣ ስልኩ ጮኸ ብላችሁ ብታሳዩት ሰውየው "ወዲያው ይሠራል" ብሎ ያምናል። ከዚያ ለማጣራት ይመጣል። በሩን ይከፍታል። ይጠብቃል። ይጠብቃል። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ምን እያሰበ እንደሚቆም አስቡት።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ፦

ቆይ ቆይ። መዘግየቱ ጉድለት ነው ያለው ማነው?

እህቴ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ሴንሰራችሁ የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው ወይስ ጫፉ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ነው?

ሁለት_ለስምንት፦

ግላይኮል ብልቃጥ ውስጥ የተነከረ ነው።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ፦

እንዲህ ከሆነ መዘግየቱ ዋናው መሸጫችሁ ነው! ለማያውቁት ላስረዳ። የማቀዝቀዣ በር በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለው አየር ቶሎ ይሞቃል። ብልቃጥ ውስጥ ያለው ክትባት ግን ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ ለክትባት የሚመከረው ሴንሰር ጫፉ እንደ ግላይኮል ባለ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ ነው። የሚለካው ክትባቱ ራሱ የሚሰማውን ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። አየር የሚለካ ርካሽ መሣሪያ በር በተከፈተ ቁጥር ይጮሃል። ሥራ በሚበዛበት ቀን ስንቴ እንደሚከፈት እኛ እናውቃለን። ሰዉ ይሰለቸውና ድምፁን ያጠፋዋል። አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ የሚሰማው የለም።

የእናንተ መሣሪያ ዝም ማለት ሲገባት ዝም ትላለች። ይህን ነው ማሳየት።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀትን ነው። የአልሙኒየም ጨው ያለባቸው ክትባቶች፣ ለምሳሌ የሄፓታይተስ ቢ፣ በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉ። ማቅለጥ አይመልሳቸውም። መሣሪያችሁ ወደ ታች ሲወርድም የምታስጠነቅቅ ከሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ስጡት። ይህን የሚያውቅ ቡድን ሥራውን ያውቃል ያሰኛል።

ካሜራ_ተሸካሚ፦

እህቴ፣ ይቅርታ፤ ሲጽፉ ፊት አይታይ። :)

አሁን ቪዲዮው ወለል ብሎ ታየኝ። እንዲህ ቅረጹት። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርጉት፤ እንዳይነቃነቅ። ማቀዝቀዣው፣ ስልኩ እና አንድ ትልቅ ሰዓት በአንድ ፍሬም ውስጥ ይግቡ። በሩን ክፈቱና ሳትቆርጡ እስኪጮህ ድረስ ቅረጹ። ከዚያ መሃሉን አፍጥኑት። ሰዓቱ ሲሮጥ ይታያል፤ ማንም አልተታለለም። ጥግ ላይ "ምስሉ ፈጥኗል" ብላችሁ ጻፉ። አሥሩ ደቂቃ ወደ አሥር ሰከንድ ይወርዳል፤ በእነዚያ ሰከንዶች ለምን እንደሚዘገይ ትናገሪያለሽ። ነገር_በልክም ይደሰታል፤ መድኃኒት ቤቱም ይደሰታል።

ከቻላችሁ ከጎኑ ሌላ አየር የሚለካ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። እሱ ወዲያው ሲዘል የእናንተው ቀስ ሲል በአንድ ምስል ይታያል። የሌላ ድርጅት ስም ያለበት ከሆነ ስሙን ሸፍኑት፤ ጠብ አትግዙ።

የስልኩ ስክሪን ላይ የእውነተኛ ደንበኛ ስም እንዳይታይ። ሌላ መልእክት እንዳይገባም ዝጉት። መሃል ላይ የእናት መልእክት ብቅ ያለበት ዴሞ አይቻለሁ።

ከወንበሩ_ወዲያ፦

ከዳር ሆኜ ስከታተል ቆየሁ። እኔ ገንዘብ ከሚሰጡት ወገን ነኝ፤ ትልቅ ሰው አይደለሁም፣ በአነስተኛ ገንዘብ መጀመሪያ ላይ የምገባ ነኝ። እኔ እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ።

ብዙውን ጊዜ በስልኬ ነው የማየው፤ ሰው አጠገቤ እያለ፣ ድምፁን ዘግቼ። ሰብታይትል ከሌለው አፍ ሲንቀሳቀስ አይቼ አልፋለሁ። ደስ ካለኝ በኋላ በድምፅ እመለስበታለሁ። ስለዚህ ሰብታይትል አድርጉበት።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምን እንደምትሠሩ ካልነገረኝ ሁለተኛውን አልጠብቅም። "ዓለማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው" ብሎ የሚጀምር ቪዲዮ ስንቱን ጊዜዬን እንደበላው! ሎጎ እየተሽከረከረ የሚመጣበትም እንዲሁ። ሎጎው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ቪዲዮውን የወደደ ኢንቨስተር ለባልደረባው ያስተላልፈዋል። ያኛው ለሌላው። እናንተ በሌላችሁበት ቤት ይታያል። ከወራት በኋላም ይታያል። ስለዚህ የሚያረጅ ነገር አታስገቡበት። የድርጅቱ ዋጋ ግምት፣ ስንት እንደምትፈልጉ፣ የዚህ ወር ሽያጭ፣ እነዚህ ሁሉ ዴኩ ላይ ይሁኑ። ዴክ በየሳምንቱ ይታረማል፤ ቪዲዮ አይታረምም። ምስጢራችሁንም አትጨምሩ። "ከማየትዎ በፊት የምስጢር ውል ይፈርሙ" የሚል ኢሜይል የሚልኩ አሉ። አብዛኛው ኢንቨስተር አይፈርምም፤ ቪዲዮውም ሳይታይ ይቀራል።

ሦስታችሁም አንድ ላይ ታዩ። በየተራ ሦስት ፊት፣ ሦስት ዳራ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ላይ። አንዱ ሲናገር ሌላው ፊቱ ላይ ምን እንዳለ አያለሁ። አንዳንዴ የሚናገረው ሰው የማያውቀውን ነገር እያወራ ሌላው አንገቱን ሲደፋ ይታያል። ይህን የትኛውም ዴክ አይነግረኝም።

ሒሳብ_ይናገር፦

ጋሼ፣ ታዲያ የትኛውን ያስቀድሙ? ዴኩን ወይስ ቪዲዮውን?

ከወንበሩ_ወዲያ፦

በአንድ ኢሜይል። ሦስት መስመር ጽሑፍ፣ የቪዲዮው ሊንክ፣ ዴኩ። ጽሑፉን ሁሉም ያነባል። ከዚያ እንደ ሰዉ ጠባይ ነው፤ አንተ ዴኩን ትከፍታለህ፣ እኔ ቪዲዮውን። አንዱን ያየ ሌላውን ካልከፈተ አልወደደውም ማለት ነው። ደግሞም ቪዲዮ አይቶ ገንዘብ የሚልክ የለም። ቪዲዮው ቀጠሮ ካስያዘ ሥራውን ጨርሷል።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ ከርዕስ ልውጣ። እኔ ካሜራ ፊት ልሳኔ ይያዛል። በኤአይ አቫታር ባሠራውስ? አሁን በጣም እውነተኛ የሚመስሉ አሉ።

የድሮ_መሥራች፦

ሰውየው ሊያይ የፈለገው አንተን ነው፤ አሻንጉሊት ልከህ "ይኸው እኔ" ልትል ነው?

የሚሠራ ዘዴ ልንገርህ። ካሜራውን ለብቻው አታናግረው። የሚያውቅህ ሰው ከካሜራው ጎን ይቁምና "ምንድን ነው የምትሠሩት? ለምን እናንተ?" ብሎ ይጠይቅህ። ለእሱ መልስለት። ጥያቄውን ትቆርጠዋለህ። ልሳን የሚይዘው የተጻፈ ለማስታወስ ሲታገሉ ነው፤ ስለ ሥራህ ለጓደኛህ ስታወራ አይያዝህም። ትንሽ መንተባተብ ቢኖር ማንም አይቆጥርብህም።

ሁለት_ለስምንት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ማን ይናገር? ዕቃውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው "ድምፄ ይከብዳል፣ እኔ ልናገር" ብሏል። በቀልድ ነው ያለው። ግን እያሰብኩበት ነው።

ነገር_በልክ፦

ቀልዱ መሠረት አለው፤ ስለዚህ እውነቱን ማወቁ ይሻላል። በ2014 አሊሰን ዉድ ብሩክስና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። አንድ ዓይነት ፒች (ለኢንቨስተር የሚቀርብ ማስተዋወቂያ)፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በቪዲዮ ለሰዎች አሳዩ። ልዩነቱ የተራኪው ድምፅ ብቻ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት። ከመቶው 68ቱ የወንድ ድምፅ ያለውን መረጡ። ሌላም አለ። ዳና ካንዜና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ሥራ፣ ቴክክራንች የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድርጅት በሚያዘጋጀው የጀማሪ ድርጅቶች ውድድር መድረክ ላይ ኢንቨስተሮች ለመሥራቾች የጠየቁትን ከቪዲዮ ተነሥተው መረመሩ። ወንዶቹ በብዛት የተጠየቁት "ምን ያህል ታድጋላችሁ?" የሚል ዓይነት ነው። ሴቶቹ "እንዴት አትከስሩም?" የሚል።

ይህን ያመጣሁት ዝም በይ ለማለት አይደለም። ከዚያው ሥራ የሚጠቅም ነገር አለ። ስለ ኪሳራ ተጠይቀው ስለ ዕድገት የመለሱት፣ በመከላከል ከመለሱት ይልቅ ብዙ ገንዘብ ሰብስበዋል። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ጠያቂ የለም፤ ሜዳው የአንቺ ነው። "መሣሪያችን ስህተት አትሠራም" አትበይ። "ይህች መሣሪያ በእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትገባለች" በይ።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ፦

እኔ ይህን ጥናት ተከትሎ ድምፅ መቀየርን አልደግፍም። የዛሬውን ቪዲዮ በእሱ ድምፅ ሠርታችሁ የነገው ስብሰባ ላይ ግላይኮሉን ማን ሊያስረዳ ነው?

ከወንበሩ_ወዲያ፦

እኔም እዚያው ነኝ። ስብሰባው ላይ ጥያቄ የሚመልሰው ሰው ቪዲዮው ላይ ይናገር። አለዚያ ስትገቡ "ዋናው ሰው የቱ ነው?" ብዬ ግራ እጋባለሁ። የነደፍሽው አንቺ ከሆንሽ ዕቃውን አንቺ አሳዪ። የሚሸጠው ሰው ስለ ደንበኞቹ ይናገር። ሦስተኛው የሚለው ከሌለው በግድ አይናገር፤ መታየቱ ይበቃል።

ሕግ_አክባሪ፦

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልሂድ። ቪዲዮውን በግል መላክና ለሕዝብ መልቀቅ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። "ገንዘብ እያሰባሰብን ነው፣ ግቡ" ብሎ በአደባባይ መለጠፍ በብዙ አገሮች የአክሲዮን ሽያጭ ማስታወቂያ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። በአሜሪካ ለምሳሌ 506 ቢ በሚባለው ደንብ የሚሰበስብ ድርጅት ለሕዝብ ማስታወቅ አይችልም። ጆብስ አክት በተባለው የ2012 ሕግ መሠረት የወጣውና ከ2013 ጀምሮ የሚሠራው 506 ሲ ይፈቅዳል፤ ግን ገዢዎቹ ሁሉ ሕጉ ብቁ የሚላቸው ባለሀብቶች መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። የምርት ዴሞውን የትም ልቀቁት። ገንዘብ የሚጠይቀውን ክፍል ግን ጠበቃ ሳታማክሩ በአደባባይ አትለጥፉ።

ሁለት_ለስምንት፦

ገባኝ። እሺ፣ ረቂቅ ጽፌአለሁ። አትራሩልኝ።

"ሰላም! እኛ ለውጥ ለማምጣት የተነሣን ወጣት ቡድን ነን። የክትባት ብክነት ዓለም አቀፍ ችግር መሆኑ ይታወቃል። ይህን ችግር በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ለመፍታት ቆርጠን ተነሥተናል። መሣሪያችን በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየተከታተለች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከሚለው ሲወጣ ታስጠነቅቃለች። አሁን እናሳያችኋለን።"

ሒሳብ_ይናገር፦

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሰርዢ። አራተኛው ላይ ነው ፒቹ የሚጀምረው። "ቆርጠን ተነሥተናል" የማይል ስታርትአፕ የለም።

የድሮ_መሥራች፦

እኔ ደግሞ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመሽ ጀምሪ እላለሁ። እጅሽ በሩ ላይ ይሁን። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

"ይህ ማቀዝቀዣ ክትባት ይዟል። ከ8 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ወይም በረዶ ከሠራ ሊበላሽ ይችላል፤ በዓይን አይተው ግን አይለዩትም። ይህች መሣሪያ ትለያለች። አሁን በሩን ከፍቼ እተወዋለሁ። ይህ ተራ ቴርሞሜትር ወዲያው ዘለለ፤ አየሩን ስለሚለካ ነው። የእኛው ዝም አለች፤ ክትባቱ ገና አልሞቀማ። [ሰዓቱ ይሮጣል] አሁን ጮኸች። ኃላፊው የትም ይሁን ስልኩ ላይ ይደርሰዋል።"

ከዚያ ሦስታችሁ። ማን ምን እንደሚሠራ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር። ለምን እናንተ ይህን እንደምትችሉ። አለቀ። ጮክ ብለሽ በስልክሽ ሰዓት ለኪው፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ካለፈ የሚቆረጥ አለው።

መድኃኒት_ቤት_ነኝ፦

"ክትባቱ ገና አልሞቀማ" ትቆይ! ማሟያ አንድ ብቻ፤ ለቀረጻው እውነተኛ ክትባት አታስቀምጡ። ባዶ ብልቃጥ ወይም ውኃ ይበቃል። ክትባት እያበላሹ ስለ ብክነት ማውራት ያስቃል። "ክትባት ይዟል" የሚለውንም "እንዲህ ባለ ማቀዝቀዣ ክትባት ይቀመጣል" አድርጉት።

ካሜራ_ተሸካሚ፦

ቀረጻው ላይ ልጨምር። ምስል ትንሽ ቢጎድል ሰው ይታገሣል፤ ድምፅ ከተበላሸ ግን አይታገሥም። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዙ፤ ካሜራው የስልካችሁ ይሁን። ማቀዝቀዣው ራሱ ያንጎራጉራል፤ ስለዚህ ማይኩ ወደ አፍ ይቅረብ። መስኮት ከኋላችሁ አይሁን፤ ወደ መስኮት ዙሩ። ካሜራው በዓይን ትክክል ይሁን፤ ከታች ሲቀረጽ ሁሉም ሰው አገጭ ይሆናል። ስልኩን አግድም ያዙት። 1080 ፒ ይበቃል፤ አራት ኬ ፋይሉን ከማክበድ ሌላ ጥቅም የለውም።

ስክሪፕት ከስልክ ላይ አታንብቡ። ዓይን ግራና ቀኝ ሲሄድ ይታያል።

አዲስ_ገቢ፦

እኔ ዕቃ የለኝም፤ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። የሚከፈት በር የለ፣ የሚጮህ ስልክ የለ። ምን ላሳይ?

የድሮ_መሥራች፦

ድሮፕቦክስስ ምን በር ነበረው? አንድ ሰው ዛሬ ያለአንተ ሶፍትዌር የሚያደርገውን አንድ ሥራ ምረጥ። አንድ ብቻ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስክሪን ቀርጸህ አሳየው። ማውጫውን ሁሉ እየከፈትክ "ይህ ደግሞ የሴቲንግ ገጻችን ነው" አትበል። የምታስገባው ዳታ የእውነት የሚመስል ይሁን፤ "ሙከራ 1፣ ሙከራ 2" የሞላበት ሰንጠረዥ ማንም አይጠቀምበትም ያስመስላል።

ሁለት_ለስምንት፦

ቅዳሜ እንቀርጻለን። ባልደረባዬ ስለ ድሮኑ ተስፋ ቆርጧል። :) የመጨረሻ ጥያቄ፦ በምን እንላከው? ፋይሉን ከኢሜይሉ ጋር ላያይዘው?

ካሜራ_ተሸካሚ፦

አታያይዢው። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያያይዝም፤ ቢያያዝም ማንም አያወርደውም። ሊንክ ላኪ። ሲነኩት የሚከፈት፣ አካውንት ክፈቱ የማይል። ዩቲዩብ ላይ "አንሊስትድ" ብታደርጊው በፍለጋ አይገኝም፤ ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ ግን ያየዋል፣ ያስተላልፈዋልም። "ፕራይቬት" አታድርጊው፤ ኢንቨስተሩ ከፍቶ ባዶ ገጽ ያገኛል።

ከወንበሩ_ወዲያ፦

የይለፍ ቃልም አታድርጉበት። ሳስተላልፍ ቃሉን አብሬ መላክ እረሳለሁ፤ ባልደረባዬም ተመልሶ አይጠይቀኝም።

ሒሳብ_ይናገር፦

ቪሜዮ ላይ ሊንኩ ሳይቀየር ፋይሉን በአዲስ መተካት ይቻላል። ዩቲዩብ ይህን አይፈቅድም፤ አዲስ ሲጭኑ አዲስ ሊንክ ነው። ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ ሰብታይትሉ ላይ ስህተት ብታገኙ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ሁለት_ለስምንት፦

ሒሳብ_ይናገር፣ "ዴኩ ይበቃል" ስትል አልነበር? :)

ሒሳብ_ይናገር፦

አሁንም ዴኩን ነው የምከፍተው። ግን የዚያ ሰዓት ሩጫ ሲያልቅ ስልኩ ሲጮህ ማየት እፈልጋለሁ። ሲያልቅ እዚህ ለጥፉት፤ ገንዘብ የሚጠይቀውን ክፍል ቆርጣችሁ፣ ሕግ_አክባሪ እንዳይቆጣን።